በጎንደር፣ በቤት ውስጥ ሕያው ዕፅዋት ያሉበት አኳሪየም ስለ ማዘጋጀት ምክር እሻለሁ

ጀማሪ ከማራኪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ማራኪ ሠፈር የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስሆን፣ በሳሎኔ ውስጥ ሕያው ዕፅዋት የሚያድጉበት የዓሣ ገንዳ ለማዘጋጀት ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት አምና የደረሰብኝን መናገር ይኖርብኛል፤ ያንኑ ስሕተት መድገም አልፈልግምና።

አምና በመስከረም 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ገዛሁ። ጠጠር አጥቤ አነጠፍኩ፣ የቧንቧ ውኃ ሞላሁ፣ በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ በላስቲክ ተቋጥረው የመጡልኝን ስምንት ጉፒዎች ጨመርኩ። ውኃው እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይከድኑ ጀመር፤ በአምስተኛው ቀን አራቱ ሞቱ፤ የቀሩትም ወሩን አልጨረሱም። የልጆቼን ለቅሶ እስካሁን አልረሳሁትም። ጎረቤቶቼ የጎንደር ብርድ ነው የገደላቸው አሉኝ፣ እኔም ተቀብዬው ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን በመስከረም ዓሣ የሚገድል ብርድ አልነበረም።

አሁን 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ስፋትና 40 ከፍታ ያለው ገንዳ መስታወት ቤት ለማሠራት አስቤአለሁ። በሠፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የምንጠቀመው በሮቶ የተጠራቀመውን ነው። መብራትም አንዳንድ ጊዜ ለሰዓታት ይጠፋል። ሳሎኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ስለሚበርድ፣ ጠዋት ላይ 16 ዲግሪ የለካሁበት ቀን አለ። በዚህ ሁኔታ ያለ ማሞቂያና ያለ ማጣሪያ የሚኖር ገንዳ ማዘጋጀት ይቻላል? ለዕፅዋቱ የሚሆነው አፈር የትኛው ነው? ዕፅዋቱንስ ወደ ጎርጎራ ወርጄ ከጣና ዳር ብሰበስብ ያስኬደኛል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ያን ጊዜ ዓሣዎቼን የገደላቸው ምን እንደ ነበረ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ደስታዬ ነው።


ዘጠኝ ዓመት ከገንዳ ጋር፦

ውድ መምህር፣ ዓሣዎችዎን የገደላቸው ብርድ አይመስለኝም። የሞቱበት ጊዜ ራሱ ይናገራል። አዲስ ገንዳ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን የገባ ዓሣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከታመመ፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው አሞኒያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ ኩሱና ያልተበላው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም ስለሌለው ውኃው ጠርቶ እየታየ መርዙ ይጨምራል። ሥራውን በጀመረ ገንዳ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ተቀባብለው ያስወግዱታል፤ እንደ ናይትሮሶሞናስ ያሉት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ እንደ ናይትሮስፓይራ ያሉት ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ መርዝ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አራት የተረፉት ዓሣዎች እስከ ወሩ መጨረሻ ተራ በተራ ያለቁትም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ናይትሬት እጅግ ካልበዛ በቀር አይጎዳም፤ ለዕፅዋት እንዲያውም ምግብ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአሸዋው፣ በድንጋዩ፣ በቅጠሉና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው እንጂ በውኃው ውስጥ እየተንሳፈፉ አይደለም። እርስዎ ያነጠፉት ንጹሕ ጠጠር ላይ አንድም አልነበረም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ገንዳው ከተተከለና ውኃ ከተሞላ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ ሊቆይ ይገባል። ባክቴሪያዎቹ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቀስ ብለው ስለሚባዙ፣ እንደ እርስዎ ባለ ሳሎን ከዚያም ሊረዝም ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዓሣ እንዳለ ያህል በየሁለት ቀኑ ቁንጥር ምግብ ይጨምሩ፤ ባክቴሪያዎቹ የሚባዙት የሚመገቡት ሲያገኙ ነውና። በየሳምንቱ አሞኒያና ናይትራይት ይለኩ፤ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ገንዳው ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ጊዜውን ለማሳጠር የሚረዳው ከጤናማ የቆየ ገንዳ የተወሰደ ጭብጥ አሸዋ ወይም በገንዳው ውኃ የተጨመቀ የስፖንጅ ጭማቂ ነው። ለአዲስ ቡሆ ከቀደመው እርሾ እንደሚጨመርበት ማለት ነው፤ ያለ እርሾም ይቦካል፣ ግን ይዘገያል። አሸዋው እንዳይደርቅ በገንዳው ውኃ ውስጥ እንዳለ በዕለቱ መወሰድ አለበት።

መለኪያ ሲገዙ አሞኒያን የሚለካ መሆኑን አጣርተው ይግዙ፤ ብዙዎቹ የወረቀት መለኪያዎች አሞኒያን አይጨምሩም። ፒኤችንም (የውኃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) ይለኩ፤ ውኃው ከ7 ወደ 8 ከወጣ፣ ያው መጠን አሞኒያ መርዛማ የሆነው ክፍሉ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል።

ስለ ሮቶው ውኃ፦ ክሎሪን ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ሲቆይና ሲናጥ አብዛኛው ይተናል፤ ሮቶ ግን ክዳኑ ስለተዘጋ እንደዚያ አያደርገውም። ከዋዜማው በባልዲ ቀድተው ያሳድሩት፣ ጥቂት ጊዜም ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው እያንቆረቆሩ ይገልብጡት። የተጨመረው ክሎራሚን (ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደ ክሎሪን) ከሆነ ግን ማሳደር አይበቃውም፤ ሶዲየም ቲዮሰልፌት ያለበት የክሎሪን ማጥፊያ ያስፈልጋል። የዝናብ ውኃ እንዲጠራቀም የሚመክሩ አሉ፤ ከቆርቆሮ ክዳን የወረደ ከሆነ ግን እኔ አልመክርም፤ ለስላሳ የዝናብ ውኃ ከቆርቆሮው ዚንክ ያጥባል፣ ዚንክ ደግሞ ለዓሣ በጥቂቱም አደገኛ ነው።


ባለ መስታወቱ፦

ስለ መስታወቱ ማንም ሳያነሳው እንዳያልፍ ልጨምር። 80 በ35 በ40 ማለት በስሌት 112 ሊትር ነው፤ የመስታወቱ ውፍረት፣ አፈሩና ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ሲቀነስ የሚይዘው ውኃ ከ85 እስከ 90 ሊትር ይሆናል። መስታወቱ፣ አሸዋውና ውኃው ተደምረው ከ130 ኪሎ ግራም አያንሱም። እኔ የመጀመሪያ ገንዳዬን ያሠራሁት ለመስኮትና ለበር ብቻ የለመደ ባለሙያ ዘንድ ነበር፤ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል ብሎኝ በሁለተኛው ወር ሌሊት ላይ የፊቱ መስታወት ተሰነጠቀ። ምንጣፉም ዓሣውም ጠፋ። በዚህ ቁመትና ርዝመት 8 ሚሊ ሜትር ይጠይቁ፤ የመስታወቱ ጠርዞች በደንብ ይሞረዱ፤ ከላይም በርዝመቱ የሚሄዱ የመስታወት ማጠናከሪያዎች ይጣበቁ።

ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የሌለበት መሆን አለበት፤ ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ስላለበት ዓሣ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ ግቢ ውስጥ በተስተካከለ ቦታ ውኃ ሞልተው ሦስት ቀን ያቆዩት።

ማስቀመጫውን በያጅ ዘንድ በቱቦላሬ ያሠሩት፤ ከላዩ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ በኮምፔንሳቶው ላይ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ነጭ ፎም ያንጥፉ። በውኃ ልክ ሳይለኩ ግን አይሙሉ፤ አንዱ ማእዘን ጥቂት ዝቅ ካለ ክብደቱ ሁሉ በአንድ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል።


የአዘዞው፦

እኔ አዘዞ ነው የምኖረው፤ ያለ ማሞቂያና ያለ ማጣሪያ የሚሠራ ገንዳ ካለኝ አራተኛ ዓመቴ ነው። መምህር ሆይ፣ ይቻላል። ዋናው ነገር ሥራውን ሁሉ ለዕፅዋቱ መስጠት ነው። ዕፅዋት አሞኒያውን ባክቴሪያዎቹ እስኪለውጡት ሳይጠብቁ በቀጥታ ይመገቡታል፤ ስለዚህ በብዛት የተተከለበት ገንዳ ራሱ ማጣሪያ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚቆም የማጣሪያ ሞተር የለውም።

ከታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል አፈር ያንጥፉ፤ በእርስዎ ገንዳ ልክ ሰባት ሊትር ገደማ ይሆናል። በላዩ ሦስት ሴንቲ ሜትር የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይጨምሩ። አሸዋው አፈሩን አፍኖ ካልያዘው ውኃው ለወራት አይጠራም። የአፈሩ ምርጫ ላይ ግን ችኮላ አያስፈልግም። ፍግ ወይም ዩሪያ የተበተነበትን መሬት አይንኩ፤ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ሲገቡ ወደ አሞኒያ ይለወጣሉ፣ አምና የደረሰብዎትም በብዙ እጥፍ ይደገማል። ንጹሕ ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ተጠቅጥቆ ለሥር መተንፈሻ አይተውም፣ አንዴ ከተናወጠም ለመርጋት ቀናት ይወስድበታል። እኔ የተጠቀምኩት ለዓመታት ካልታረሰ የግቢ ጥግ የወሰድኩትን ቀላ ያለ አፈር ነው፤ ቀይ አፈር ብረት አለው፣ ዕፅዋትም ብረት ይወዳሉ። በወንፊት ነፍቼ ሥራሥሩንና ጭራሮውን ካወጣሁ በኋላ፣ በሳፋ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ የተንሳፈፈውን ቆሻሻ ደፋሁት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ይህን አራት ጊዜ ደጋገምኩት። የሚበሰብሰው ነገር በየጊዜው ስለሚቀንስ፣ ገንዳ ውስጥ ሲገባ የሚለቀው አሞኒያ ጥቂት ይሆናል።

አሸዋና ድንጋይ ሲመርጡ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለበት፣ የውኃውን ጥንካሬና ፒኤች ከፍ ያደርጋል። የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ስለሆነ አይንፈቀፈቅም፤ ነገር ግን ከፈረሰ አሮጌ ግንብ የተነሳ ድንጋይ በኖራ ስለተገነባ፣ ቢያምርም ተዉት።

ተክሉን ከመጀመሪያው ቀን ያብዙት። የመሬቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሳይሸፍኑ ውኃ አይሙሉ፤ ሦስት አራት ዘለላ ተክሎ ይበዛሉ ብሎ መጠበቅ ለአልጌ ቦታ መልቀቅ ነው። ፈጥነው የሚያድጉ እንደ ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም ያሉት ለመጀመሪያዎቹ ወራት የግድ ያስፈልጋሉ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ዝግ ያሉ ናቸው፤ ወፍራም አግዳሚ ግንዳቸው አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ በክር ከድንጋይ ጋር ይታሠሩ። ክሪፕቶኮሪን ከተተከለ በኋላ ቅጠሉ ሁሉ ቢሟሟ አይንቀሉት፤ ሥሩ ደህና ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ሌላም አለ፤ ስኳር ድንች ግማሹን ውኃ ውስጥ አድርገው በገንዳው ጠርዝ ቢያንጠለጥሉት፣ ቅጠሉ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ሥሩ ናይትሬቱን ይመጥጠዋል። የእኔ ልጆች ከዓሣው ይልቅ የሚወዱት እሱን ነው።

ለብርሃን 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሆነ ነጭ ኤልኢዲ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል። ገንዳው የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ሥር አይቀመጥ። ማሞቂያውን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ብርድ የሚችል ዓሣ ከመረጡ አያስፈልግም። ዜብራ ዳኒዮ 18 ዲግሪ ላይ በደህና ይኖራል። ጉፒ ግን ሙቀት ይወዳል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ዓሣን በማሞቂያ ላይ ጥገኛ ማድረግ ትክክል አይመስለኝም።


ዘጠኝ ዓመት ከገንዳ ጋር፦

የአዘዞው ወንድማችን ስለ አፈሩ የጻፈው ከእኔ ልምድ ጋር ይስማማል፤ በሁለት ነገር ግን እለያለሁ።

የመጀመሪያው ኦክስጅን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ በ20 ዲግሪ በባሕር ዳርቻ በሊትር 9 ሚሊ ግራም የሚይዝ ውኃ እዚህ 7 ገደማ ነው የሚይዘው። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል የሚሉት ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። ዕፅዋቱ ደግሞ ቀን ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ፤ ስለዚህ ጥቅጥቅ ባለ ገንዳ ውስጥ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። ዓሣዎ ጤናማ መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ መብራት ሳያበሩ ሲነጋጋ ይመልከቱት። ስለዚህ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ከስፖንጅ ማጣሪያ ጋር ሌሊት ሌሊት እንዲሠራ እመክራለሁ። መብራት ሲጠፋ ቢቆምም፣ ዓሣው ጥቂት ከሆነ በዚያ ምክንያት ብቻ ጉዳት ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ለመጠንቀቅ ያህል ከሚነገረው የዓሣ ቁጥር ግማሹን ይያዙ።

ሁለተኛው ማሞቂያው ነው። ዳኒዮ ብርድ ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ክፍሉ 16 ዲግሪ በሚደርስበት ቤት ውኃውም ከጊዜ በኋላ ወደዚያው ይጠጋል፤ ዓሣው ባይሞትም ፈዞ ይቀመጣል፣ በሽታን የመቋቋም አቅሙም ይደክማል። 100 ዋት የሆነ ማሞቂያ 90 ሊትር ውኃ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝም እንደዚያው በዝግታ ነው። መብራት ለሦስት ለአራት ሰዓት ቢጠፋ፣ ገንዳው ከጀርባውና ከጎኑ ፎም ተለጥፎበት በብርድ ልብስ ከተሸፈነ የሚወርደው ሙቀት ጥቂት ነው። ማሞቂያውን 21 ዲግሪ ላይ አድርገው ከኅዳር እስከ ጥር ብቻ ይጠቀሙበት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ጭራሹን ከውኃው ያውጡት።


የአዘዞው፦

የኦክስጅኑን ነገር እቀበላለሁ፤ እኔም ስፖንጅ ባይኖረኝም ፓምፕ ሌሊት አሠራለሁ። በማሞቂያው ግን እዚያው ነኝ። የእኔ ገንዳ በታኅሣሥ ጠዋት 17 ዲግሪ ሲሆን ዳኒዮዎቹ ይዋኛሉ፤ የምመግባቸው ግን በየሁለት ቀኑ ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ብዙ አይፈጭምና።


ዓሣና ሐይቅ፦

ስለ ጎርጎራው ጥያቄ ማንም ባለመመለሱ ነው የጻፍኩት፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። በዓሣ ሀብት ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ።

በጣና ዳርቻ ሴራቶፊለምና ቫሊስኔሪያ ይበቅላሉ፤ ስለዚህ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ነገር ግን መምህር፣ እባክዎ አይግቡበት። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቢዮምፋላሪያ የሚባሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች በዳርቻው ተክል ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ጥገኛ ተውሳኩም ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ በገባው ሰው ቆዳ በኩል ያልፋል። ተክሉን ለመንቀል ጉልበትዎ ድረስ ውኃ ውስጥ መግባትዎ አንድ አደጋ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተያዘ ቀንድ አውጣ ከቅጠሉ ጋር ወደ ሳሎንዎ ሊመጣ መቻሉ ነው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ከወጣ በኋላ ሰው ካላገኘ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል፤ የተያዘው ቀንድ አውጣ ግን በሕይወት እስካለ ለሳምንታት አዳዲሱን ይለቃል። እጃቸውን ገንዳ ውስጥ መንከር የሚወዱ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሊሞከር አይገባም። ቀንድ አውጣን የሚገድል ብርቱ መድኃኒት ደግሞ እነዚህን ለስላሳ ቅጠሎችም አብሮ ይገድላል። ተክሉን በገንዳ ውስጥ ለዓመታት ካባዛ ሰው ይውሰዱ፤ አንድ ዘለላ ሴራቶፊለም በሁለት ወር ውስጥ ባልዲ ይሞላል።

እምቦጭንም በሚመለከት አንድ ቃል ልበል። አበባው ስለሚያምር ገንዳ ላይ የሚያንሳፍፉት ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህ ተክል የደቡብ አሜሪካ ነው፤ በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ፣ ስንት ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው እንደ ከረመ ሁላችንም እናውቃለን። ከቦታ ወደ ቦታ መውሰዱ ራሱ ጥፋት ነው።

ገንዳውን ሲያጸዱ የተቆረጠውን ተክልና ከአሸዋው ጋር የወጣውን ቀንድ አውጣ ወደ ቦይ አይድፉት። የአንገረብም የቀሃም ወንዝ ወደ መገጭ ወንዝ ይገባሉ፣ መገጭም ወደ ጣና። በጎንደር ቦይ የተጣለ ነገር መድረሻው ያው ሐይቅ ነው። የተቆረጠውን ተክል ፀሐይ ላይ አድርቀው ለአትክልት ብስባሽ ያድርጉት። ዓሣ መያዝ ቢሰለችዎት ለሌላ ሰው ይስጡት እንጂ ወንዝ ውስጥ አይልቀቁት። በጣና ከ15 የማያንሱ ላቤኦባርበስ የሚባል ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም። ከእንግዳ ዓሣ ጋር እንዲሻሙ ልናደርጋቸው አይገባም።

የቀረሶ ጫጩት ከዓሣ አጥማጅ ገዝተው ገንዳ ውስጥ ለማስገባት ከፈለጉም ይተዉት፤ ቀረሶ አሸዋውን እየቆፈረ ተክሉን ይነቅለዋል፣ ሲያድግም ከግማሽ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ወርቃማው ጎልድፊሽም ቅጠል ስለሚበላና ብዙ ስለሚያቆሽሽ ለዕፅዋት ገንዳ አይመጥንም።


ጀማሪ ከማራኪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ከተቀበልኩ ሰባት ሳምንት ሆኖኛልና የሆነውን ልንገራችሁ።

ወደ ጎርጎራ የመውረዱን ሐሳብ በዚያው ቀን ተውኩት። መስታወቱን 8 ሚሊ ሜትር አሠርቼ ግቢ ውስጥ ሞላሁት፤ በሁለተኛው ቀን በአንዱ ማእዘን በኩል ላብ የመሰለ ርጥበት ታየ፤ ባለሙያው ሲሊኮኑን ፍቆ እንደ ገና አጣበቀው። ያን ሳላይ ሳሎን አስገብቼው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። አፈሩን ከግቢያችን ጥግ ወስጄ አራት ጊዜ ዘፍዝፌ አደረቅሁት፤ ባለቤቴ ሳፋዋን ለሁለት ሳምንት አጣች። ተክሉንና አንድ ጭብጥ አሸዋ ከዘጠኝ ዓመቱ ወንድማችን ወስጃለሁ፤ አሸዋውን በገንዳው ውኃ በተሞላ ጀሪካን ይዤ በባጃጅ ወደ ማራኪ ወጣሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያው በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነበር፤ ከአፈሩ የወጣ ይመስለኛል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አሞኒያው ወርዶ ናይትራይቱ 2 ደረሰ፤ በዚያው ሰሞን መስታወቱን ቡናማ አልጌ ሸፈነው፣ ክሪፕቶኮሪኑም እንደተባለው ሟሟ። መንቀል አልነቀልኩትም። ባለፉት ሁለት ልኬቶች አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነዋል፤ ናይትሬቱ 10 ነው። አምና በዚህ ውኃ ላይ መለኪያ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ምን ይል እንደ ነበር አሁን ይገባኛል፤ ልጆቼንም ቁጭ አድርጌ ዓሣዎቹን የገደላቸው ብርዱ ሳይሆን የእኔ ችኮላ እንደ ነበረ ነግሬአቸዋለሁ።

ማሞቂያ ገዝቻለሁ፤ የአዘዞው ወንድሜ እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ውኃው ጠዋት ላይ 18 ሲሆን አየሁና ልቤ አልችል አለ። ያስገባሁት ግን እሱ ያለውን ዓሣ ነው። ስድስት ዜብራ ዳኒዮዎች ከገቡ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ትናንት መብራት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ጠፍቶ ነበር፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከልጄ ጋር በባትሪ አየናቸው፤ ስድስቱም ከታች በቫሊስኔሪያው መካከል ነበሩ። ወደ ላይ የወጣ አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ቀጣዮቹን ዓሣዎች መቼ ልጨምር?


ዘጠኝ ዓመት ከገንዳ ጋር፦

ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ በዚያ ውስጥ በየሦስት ቀኑ ይለኩ፣ በየሳምንቱም ባደረ ውኃ ሩቡን ይቀይሩ፤ የሚጨምሩት ውኃ ከገንዳው እጅግ እንዳይቀዘቅዝ ብቻ በእጅዎ ይሞክሩት። ናይትራይት ከታየ አይጨምሩ። ካልታየ ሌሎች አራት ዳኒዮዎች ይግቡ፤ እዚያ ላይ ይቁሙ። ስፖንጁን ሲያጥቡም ከገንዳው በወጣው ውኃ ይጠቡት፤ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።


የአዘዞው፦

አልተቀየምኩም። ምግቡን ግን ቀንሱ፤ በሁለት ደቂቃ የማይጨርሱት ከሆነ በዝቷል ማለት ነው። ክሪፕቶኮሪኑ ቅጠል ሲያወጣ ንገሩን።